የሚስጥር ሰርግ እና የጋሽ ኤርካሎ ዘፈን

ጥር 20፣ ማክሰኞ

መብራት ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መጣ። ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ እየጮኸ ተነሳ። ዳልጮ እንደ ልማዱ ወንዴና ሴቴውን እያምታታ «ማራገቢያዋ አርጅቷል» አለ። እኔም አርጅቻለሁ።

የሚስጥርና የቢኒ ሰርግ እሑድ ነበር። ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው። የሙሽራዋ እናት እትዬ አሳየሽ ግን ስልኬን አላሳርፍ ብለዋል።

«ስምሽ ፈጠነች ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«ማን አወጣልሽ? አያውቅሽም ማለት ነው።»

ሳቅሁ። ምን ላድርግ? በዚህ ስም የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበር... እናቴ ሯጭ ትሆናለች ብላ ይሆናል። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ያልቀለደብኝ ደንበኛ የለም። ካሜራ የሚይዘው ዳልጮ ነው፣ እሱን ማንም አይናገረውም። ስድቡ ሁሉ ለአቀናባሪዋ።

ደግሞ የሚቸኩሉበት ምክንያት አላቸው። የሙሽራዋ ወንድም ተሻገር ጆሃንስበርግ ሱቅ ከፍቶ ነው የሚኖረው። የመኖሪያ ወረቀቱ አላልቅ ብሎት ሳይመጣ ቀረ። የአንድ እህቱን ሰርግ የሚያየው ዩቲዩብ ላይ ስጭንለት ነው። «ልጄ እንቅልፍ የለውም» አሉኝ። እኔስ?


ጥር 25፣ እሑድ

ኬክ የሚቆርጡበት ጋ ሙዚቃ ጠፋኝ። የነበረኝን ሁሉ ባለፉት ሰርጎች ላይ ጨርሼዋለሁ። ሰው ደግሞ ያስተውላል። «ይሄማ የነእንትና ሰርግ ላይ ያለው ነው» ይላሉ።

ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንድ አገኘሁ። ውይ፣ ዜማው! የአንድ ሽማግሌ ድምፅ፣ ክራር ይሁን ጊታር ያልለየ ነገር፣ ከኋላ የሴቶች ተቀባይ። የለጠፈው ገጽ ፎቶው አንበሳ ነው። ከስሩ «ምርጥ የወላይታ የሰርግ ዘፈን» ይላል። የዘፋኝ ስም የለም። ስም ከሌለው ባለቤት የለውም ማለት ነው... አይደል?

አወረድኩት።

ዳልጮ ሰማና «ይሄ ለኬክ አይሆንም» አለ።

«ለምን?»

«ሙሽራ ከቤት ሲወጣ ነው። ያለቅሳል።»

«ማን?»

«ዘፈኗ።»

ዘፈን ያለቅሳል እንዴ? እኔ ሶዶ ተወልጄ አድጌ የገበያ ወላይትኛ አያቅተኝም። ዘፈን ላይ ግን ግማሹ ያመልጠኛል። ዜማው ጣፋጭ ነው፣ በቃ። ኬኩ ላይ አስገባሁት። መጨረሻው ረዘመብኝ፣ ቆረጥኩት።

«የማን ነው ግን?» አለ ዳልጮ።

«የኢንተርኔት።»

«ኢንተርኔት ነው የዘፈነው?»

ዓይኔን አሸት አሸት አደረግኩ። አንዳንዴ መልስ ሲጠፋኝ የደከመኝ እመስላለሁ።


የካቲት 3፣ ሰኞ

ጫንኩት። ገና ሻይ ሳልጠጣ ተሻገር ከጆሃንስበርግ ደወለ። ሰራተኞቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ... «ጥቁር ሆነብኝ እህቴ። በባለመብቱ ጥያቄ ታግዷል ይላል።»

እትዬ አሳየሽ ወዲያው ደወሉ።

«ማነው ባለመብቱ?»

«የዘፈኑ ባለቤት ነው እትዬ፣ የቅጂ መብት የሚባል...»

«የሙሽራዋ እናት እኔ ነኝ! ከኔ በላይ መብት ያለው ማነው?»

ላስረዳ ሞከርኩ። አልቻልኩም። እኔስ መች ገባኝ?


የካቲት 4፣ ማክሰኞ

የአቀናባሪዎች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠየቅኩ። አንዱ «ድምፁን አቅጥኚው፣ ትንሽ አፍጥኚው፣ ማሽኑ አያውቀውም» አለኝ። አደረግኩት።

ሽማግሌው ጫጩት ሆኑ። ዳልጮ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር።

ግን አለፈ! ማሽኑ አላወቃቸውም። ተሻገር አይቶ ደወለ። «ቆንጆ ነው፣ እግዜር ይስጥሽ። ዘፋኙ ግን... ደህና ነው?»


የካቲት 6፣ ሐሙስ

አላለፈም። ቪዲዮው ተነስቷል። በዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ። የዛሬውን የላከው ማሽን አይደለም፣ ሰው ነው፤ ከስሩ ስም አለው፤ ሶሲ ኤርካሎ። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሦስት ከሆነ ቻናሌ እንዳለ ይጠፋል።

ቻናሌ! ደንበኛ የሚመጣው እሱን አይቶ ነው። «እንደዚህኛው አድርጊልኝ» እያሉ ስልካቸውን ይዘው ነው የሚገቡት። የስድስት ዓመት ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት... ሁሉም እዚያ ላይ ነው።

በጣም ተናደድኩ። ለአንድ ዘፈን! ሰው ዘፈናቸውን እንዲሰማላቸው እያደረግኩ! ዳልጮን «ሊያመሰግኑኝ ሲገባ» አልኩት።

«ካሜራችንን አንድ ሰው ወስዶ ቆንጆ ሰርግ ቢቀርጽበትስ?» አለኝ።

ደከመኝ።


የካቲት 7፣ ዓርብ

እትዬ አሳየሽ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። የጨርቅ ነጋዴ ዓርብ ቀን ሱቅ ከዘጋ ነገሩ ከባድ ነው። «ዛሬ ካልወጣ እዚሁ አድራለሁ» ብለው ተቀመጡ።

ዘፈኑን ከቪዲዮው አወጣሁት። ከስሩ በቦታው የተቀዳው ድምፅ አለ፣ ዝቅ አድርጌው ነበር፣ እሱን ከፍ አደረግኩት። መጀመሪያውን ሰማሁ፣ ጭብጨባና እልልታ ነው። ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ተፈጥሯዊ ነው። እስከ መጨረሻው ልሰማ ስል መብራት ሊሄድ ብልጭ ድርግም አለ። በስልኬ ኢንተርኔት ጫንኩት።

እትዬ አሳየሽ ግንባሬን ሳሙኝ። «አሁን ገና ፈጠንሽ።»


የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ምነው ባልፈጠንኩ።

ሰርጉ ላይ ለምርቃት ተብሎ የሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ላይ ማይክ ነበር። ዳልጮ ሳያነሳው ቀርቷል። አበባው ሸፍኖታል። ሽማግሌዎቹ ለምግብ ሲነሱ እዚያ ማን ተቀመጠ? መጀመሪያ የሙሽራው አክስት እትዬ ብርነሽ። እሳቸው ሲነሱ እትዬ አሳየሽ።

ሙሽሮቹ ኬክ እየተጎራረሱ ነው። ፈገግታ፣ ብልጭታ። በዚያ ላይ የአንድ ሰውዬ ድምፅ፣ «ሽንት ቤቱ በየት ነው?» መልስ የሰጠው የለም መሰለኝ ደጋግሞ ይጠይቃል። ከዚያ እትዬ ብርነሽ፣ ጥርት ብለው...

«ስጋውን በምላጭ ነው እንዴ የቆረጡት? በወዲያ በኩል እኮ ይታያል። ምን ይደረግ፣ አሳየሽ ጨርቅ ስትሸጥም እንዲሁ ናት። የሷ ሜትር ከሰው ሜትር በአንድ ጣት ያጥራል።»

ትንሽ ቆይቶ ሚስጥር ቢኒን ስታጎርስ እትዬ አሳየሽ ለእህታቸው...

«ልጁስ ጨዋ ነው። ቁመቱ ግን የጫማው ነው። ጫማውን ያወለቀ ዕለት ልጄ ፈልጋ ታጣዋለች።»

ጆሃንስበርግ ላይ በቴሌቪዥን። ሰራተኞቹ ሁሉ ባሉበት።

ተሻገር ደወለ። ሳቁን እየታገለ ይሁን ለቅሶውን አልለየሁም። «እህቴ... እማዬን እንዳታሰሚያት።»

እማዬ ሰምተዋል። ሶዶ በሙሉ ሰምቷል።


የካቲት 9፣ እሑድ

አነሳሁት። ምን ዋጋ አለው? አንዱ የሜትሯን ቆርጦ ቲክቶክ ላይ ለጥፎታል፣ ከኋላው ከበሮ ጨምሮበት። አየሁትና ደሜ ፈላ። የኔን ቪዲዮ! ሳያስፈቅደኝ!

...ብዬ ጀመርኩና አፌን ያዝኩ። ዳልጮ አየኝ። ካሜራውን መጥረግ ቀጠለ። ባይናገርም ሰማሁት።


የካቲት 12፣ ረቡዕ

እትዬ አሳየሽ ሱቅ ደንበኞች ሜትር ይዘው መምጣት ጀምረዋል። አንዷ የልብስ ሰፊ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገባች አሉ። እትዬ ጨርቁን ራሷ እንድትለካ ሰጧት። ትክክል ሆነ። እንዲያውም ተርፎ ተገኘ። ግን ማን ያወራል ስለተረፈው?

ቢኒ ስቱዲዮ መጣ። በነጠላ ጫማ። ሆን ብሎ። ቆመና «እይኝ» አለኝ። አየሁት። ምን ልበለው? «ልክ ነህ» አልኩት። ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ሚስጥር ተከትላው ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። እናቷና የባሏ አክስት አይነጋገሩም። ቤተ ክርስቲያን አንዷ በቀኝ ስትገባ ሌላዋ በኋላ ትዞራለች። «ሚስጥር ብለው ስም አውጥተውልኝ...» አለችና እየሳቀች አለቀሰች። ከዚያ ከረር አድርጋ አየችኝ። «ፈጤ፣ እናቴ ያለችው እናቴ ያለችው ነው። አንቺ ግን ያንን ዘፈን ከየት ነው ያመጣሽው?»

ሁሉም ነገር ከዚያ ተነሳ። እውነቷን ነው።


የካቲት 16፣ እሑድ

ቅበላ። ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው ሊያሳልፉ ነበር፣ በሬው ሳይቀር ተመርጦ። ቀረ። በየቤታቸው በሉ። ነገ ጾም ይገባል፣ እነሱ ተኳርፈው።

ማስጠንቀቂያውን ለላከችው ለሶሲ ኤርካሎ ጻፍኩላት፤ የሽማግሌው ልጅ ሳትሆን አትቀርም። «ይቅርታ፣ የዘፈኑ ባለቤት አባትሽ ከሆኑ መጥቼ ላነጋግራቸው?» ስድብ ጠበቅኩ።

መልሱ አጭር ነው። «አባዬ ያለው ቢጠና ከተማ ነው። እሱ ደግ ነው። እኔ ግን አይደለሁም።»


የካቲት 20፣ ሐሙስ

ቢጠና ሄድኩ፣ ከዳልጮ ጋር። ሚኒባሱ ውስጥ ከአንድ ጆንያ ቃሪያና ከአንዲት ዶሮ ጋር ተደርቤ። መንገድ ሙሉ የምለውን ስለማመድ ነበር። ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ።

ጋሽ ኤርካሎ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ሙሉ ሱፍ፣ ክራባት፣ ፀሐዩ እንዲያ እያቃጠለ። ጡረታ እስኪወጡ የከብት ክትባት ሰራተኛ ነበሩ። «ሳሮ፣ ሳሮ» ብለው ሰላምታ እየሰጡ ሁለት እጄን ያዙ። ባለቤታቸው የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀረቡ። የዳጣው ቃሪያ ዓይኔን አስለቀሰው። እንባዬን ሲያዩ ጋሽ ኤርካሎ «አይዞሽ፣ ገና ምንም አላልንሽም» አሉኝ።

ሶሲ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ስልኳን እንደ ዱላ ይዛ።

ነገርኳቸው። አንበሳ ፎቶ ካለው ገጽ እንዳወረድኩ፣ ስም እንዳልነበረው። ሰሙና «ያቺን ጫጩቷን አሰሚኝ» አሉ።

«የትኛዋን ጋሼ?»

«ሶሲ ነግራኛለች። አሰሚኝ።»

ሶሲ አስቀምጣው ነበር። ከፈተችው። ያ ቀጭን ድምፅ በሱፉና በክራባቱ ፊት... ባለቤታቸው ጓዳ ሆነው ሳቁ፣ ሳቁ፣ በመጨረሻ መቀመጫ ፈለጉ። ዳልጮ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ጋሽ ኤርካሎ አልሳቁም።

«ይሄ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?»

መሬት ልትውጠኝ ብትችል ፈቃደኛ ነበርኩ።

ታሪኩን ነገሩን። እህታቸው ስትዳር ወታደር ቤት ነበሩ። ፈቃድ አልሰጧቸውም። ወንድም እህቱን ከቤት ሲያስወጣ መዝፈን አለበት፣ እሳቸው ግን አልነበሩም። ዘፈኑን ያወጡት ከዚያ በኋላ ነው፣ ከብት ሲከትቡ፣ በየሜዳው፣ ብቻቸውን። እህታቸው ሳትሰማው አረፈች።

«ዘፈኔን መውሰድሽ አልገረመኝም። ሁሉም ይወስደዋል። የሰው ለቅሶ ግን ይቀጥናል፣ ልጄ?»

ዳልጮ ወደኔ ዞሮ በቀስታ፣ «ያለቅሳል አላልኩሽም?»

ይቅርታ አልኩ። ስለ ተሻገርም ነገርኳቸው፣ ጆሃንስበርግ ስላለው የሙሽራዋ ወንድም፣ እሱም እህቱን ሳያስወጣ እንደቀረ። ፊታቸው ተለወጠ። ክራባታቸውን ላላ አደረጉ።

«የትኛው ላይ ነው ዘፈኑን ያደረግሽው?»

«ኬክ ላይ።»

«ኬክ!» ከጫጩቷም ይሄኛው የባሰባቸው መሰለኝ። «ከቤት ስትወጣ ላይ አድርጊው። ሳትቆርጪ። ፈቅጃለሁ።» ከዚያ ደግሞ፣ «ታውቂያለሽ፣ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

«ጋሼ፣ ከወሰድኩ በኋላ እኮ ነው የጠየቅኩት።»

«እሱንስ ሌላው መች አደረገው?»

ተነስተን ልንወጣ ስንል ሶሲ ከጥጉ ተነሳች። «አባዬ ፈቀደ። እኔ ገና ነኝ።»


የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ሶሲ ሶዶ መጣች። ልጅቷ ዳኛ ብትሆን ኖሮ እስር ቤት ይጠብ ነበር። የአባቷ ስም ከመጀመሪያው ይጻፍ፣ በትክክል፣ በትልቁ። ዘፈኑ አይቆረጥ። ፈቃዱ ለዚህ ሰርግ ብቻ ነው።

«ለሌላ ሰርግ ስፈልገውስ?»

«ሌላ ጊዜ ትጠይቂያለሽ።»

«የዚሁ የሙሽራው ሁለተኛ ሰርግ ቢሆንስ?» አላት ዳልጮ። ቀና ብላ እንኳን አላየችውም።

የመጨረሻው፣ አባቷ ክሊፕ የላቸውም። እኔና ዳልጮ እንሰራላቸዋለን፣ ሶሲ ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ታነሳልኛለች።

ተስማማሁ። ስትወጣ በወላይትኛ «ጋላታይስ» ብዬ አመሰገንኳት። «አነጋገርሽ የገበያ ነው» አለችኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።


መጋቢት 7፣ እሑድ

ወጣ። ማስጠንቀቂያው ተነስቷል፣ ቪዲዮው ሙሉ ነው፣ የማንም ሐሜት የለበትም። ሚስጥር ከእናቷ ቤት ደጃፍ ስትወጣ የጋሽ ኤርካሎ ድምፅ፣ በራሱ ውፍረት። ከላይ «ዘፈን፦ ኤርካሎ፣ በፈቃድ» ይላል።

ተሻገር ደወለ። ብዙ አላወራም። «ያቺን ዘፈን እንዴት አወቅሽ?» አለ። «አብሬ ዘፈንኩ። ሱቅ ውስጥ። ደንበኛ ቆሞ ያየኝ ነበር።» ከዚያ በስልክ አንዴ አንጎራጎረልኝ፤ ሂሳቡ በእሱ ነው።

እትዬ አሳየሽ አልደወሉም። ሚስጥር እንደነገረችኝ አይተውታል፣ ወደውታል፣ ግን አኩርፈዋል። በኔ። በብርነሽ። በማይኩ።


መጋቢት 14፣ እሑድ

ለክሊፑ ቢጠና ዋልን። ጋሽ ኤርካሎ ሱፉን አላወልቅም አሉ። አንድ በሬ ከኋላቸው እንዲቆም ፈለጉ። በሬው አልፈለገም፣ ገፍቶን ሄደ። ዳልጮ ጭቃ ውስጥ ተቀመጠ፣ ካሜራውን ወደ ላይ ይዞ፣ እንደ ታቦት። «ካሜራዋ ደህና ነው!» ይላል። አንተስ?


መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ሶሲ ያልተቀናበረውን ቀረጻ አየችው። ጥሩ ነው፣ ግን ጎደለ አለች። ሰው ይጎድለዋል፣ የሰርግ ጭፈራ። ከሚስጥር ሰርግ ላይ አንድ ነገር አይታ ነበር። ሁለት ትልልቅ ሴቶች አብረው ሲጨፍሩ። «ያቺን ቁራጭ ስጪኝ።»

የትኛዋን እንደሆነ ሳላይ አወቅኩ። እትዬ አሳየሽና እትዬ ብርነሽ ናቸው። ካሜራው የያዘው ካሁን በፊት ከቀረጽነው ሁሉ ያምራል።

ቀረጻው የኔ ነው። ፋይሉ እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። ዳልጮ «ስጫት፣ ማን ያውቃል?» አለ። የሚፈትነኝ መሰለኝ።

«ልጠይቃቸው» አልኩ።

ሶሲ ተገረመች። እኔም።


መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

እትዬ አሳየሽ ሱቅ ሄድኩ። ነገርኳቸው። ጨርቅ እያጠፉ ሰሙኝ። «ከሷ ጋር? በዘፈን ክሊፕ? ...እሷ ምን አለች?»

«ገና አልጠየቅኳቸውም።»

«እሷ ከፈቀደች እኔ እፈቅዳለሁ። እኔ ግን ቀድሜ አልፈቅድም።»

በባጃጅ እትዬ ብርነሽ ቤት። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ዓረፍተ ነገሬን ሁለት ጊዜ አረሙት። «አሳየሽ ምን አለች?»

«እርስዎ ከፈቀዱ እፈቅዳለሁ አሉ።»

«ቀድማ ትፍቀዳ።»

ተመልሼ ወደ ሱቅ። ተመልሼ ወደ እትዬ ብርነሽ ቤት። የባጃጁ ሾፌር ነገሩ ገብቶት «እህቴ፣ በስልክ አያልቅም?» አለኝ። በስልክ ማ ይቀድማል? ሲመሽ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ነገር ተናገርኳቸው። ቅዳሜ ስቱዲዮ ይምጡ፣ ሌላዋም ትመጣለች፣ አልደብቅም፣ ቁራጩን አይተው እምቢ ካሉ አጠፋዋለሁ።

«ሌላዋም» ስል ሁለቱም ነጠላቸውን አስተካከሉ።


መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

መጡ። አንዷ በአንድ ጫፍ፣ አንዷ በሌላው። አግዳሚዋ አጭር ናት፣ ግን መሐላቸው ሦስት ሰው ያስቀምጥ ነበር። ዳልጮ ውጪ ጠፋ። ፈሪ።

ከፈትኩት። ድምፅ የለውም፣ ምስሉ ብቻ።

እትዬ አሳየሽ እየጨፈሩ ነው። እትዬ ብርነሽ ይመጡና ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በእትዬ አሳየሽ ወገብ ላይ ያስራሉ። ሁለቱም ይስቃሉ። የእትዬ አሳየሽ የጆሮ ጌጥ ይወድቃል። እትዬ ብርነሽ በዚያ ጉልበታቸው በርከክ ብለው፣ በሰው እግር መሐል ፈልገው፣ አግኝተው፣ ጆሮአቸው ላይ መልሰው ያደርጉላቸዋል። ትንፋሽ አጥሯቸው ይደጋገፋሉ።

አለቀ። ማራገቢያው ብቻ ይጮሃል።

እትዬ አሳየሽ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ቀሚሱ አወፍሮኛል።»

«ሰፊ ነው» አሉ እትዬ ብርነሽ፣ ስክሪኑን እያዩ። «ጨርቁን ከማን ገዛሽ?»

«ከራሴ ሱቅ ነዋ።»

«እኮ። ለራስሽ ሲሆን ሜትሩ ይረዝማል ማለት ነው።»

አበቃ፣ አልኩ። አሁን ኮምፒውተሬን ይሰብሩታል።

እትዬ አሳየሽ ቀስ ብለው ዞሩ። አዩአቸው። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ... ከዚያ ፈነዱ። እንዲህ ያለ ሳቅ! እትዬ ብርነሽም ተከተሉ። አግዳሚዋ ተንቋቋች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ደንበኞቼን ጨርሰሽብኛል እኮ!»

«እኔም ስጋሽን በልቼ ነው ያማሁሽ። ይቅር በይኝ።»

«እኔስ? ስለ ልጁ ቁመት...»

«እሱማ እውነት ነው። አባቱም እንዲሁ ነበር።»

ስለ ፈቃዱ ማስታወስ አፈርኩ። ግን ለዚሁ ነው የመጡት። «እንግዲህ... ልጠቀምበት?»

«ተጠቀሚ» አሉ እኩል። ማ ቀደመ? እግዜር ይወቅ።

ሲወጡ እትዬ ብርነሽ እትዬ አሳየሽን በክንዳቸው ደገፏቸው፣ ደረጃው ላይ። ዳልጮ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ «ታረቀች?» አለኝ።


ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ፋሲካ። ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው ገደፉ። እኔና ዳልጮም ተጠራን። ያለ ካሜራ እንድንመጣ፣ ያለ ማይክ። በር ላይ እትዬ አሳየሽ የዳልጮን ኪስ ፈተሹ።


ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

የጋሽ ኤርካሎ ክሊፕ ወጣ። መጨረሻው ላይ የሁሉም ሰው ስም አለ። ጋሽ ኤርካሎ ስማቸው ትልቅ ሆኖ ሲያዩ «ሎኦ»፣ ጥሩ ነው፣ ብቻ አሉ፣ ባለቤታቸው እንደነገሩኝ ግን ቀኑን ሙሉ ሱፉን አላወለቁም።

እትዬ አሳየሽ ደወሉ። «ለምንድነው የብርነሽ ስም ከኔ ቀድሞ የተጻፈው?»

«በፊደል ተራ ነው እትዬ። በ ከአ ይቀድማል።»

አሰቡበት። «ፊደሉስ ማንን አስፈቀደ?»


ግንቦት 10፣ እሑድ

ዛሬ ከአረካ አንዲት የሙሽራ እናት መጥታ ነበር። «ያንን የታወቀውን ዘፈን አድርጊልኝ፣ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል» አለችኝ። ለዘፋኙ ሰዎች ከዚህ በፊት ጽፌ ነበር፣ መልስ የለም። መልስ ከሌለ አላደርገውም አልኳት። ወደ ሌላ ስቱዲዮ ልትሄድ ተነሳች። እንዴት እንደያዝኳት አላውቅም። ሰፈራችሁ ውስጥ የሚዘፍኑ ሴቶች የሉም ወይ አልኳት። አሉ አለች፣ ለምን እንደጠየቅኳት ሳይገባት።

ከሰዓት አረካ ሄደን ቀዳናቸው። እንዴት ይዘፍናሉ! ሲጨርሱ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ቪዲዮው ላይ ይግባ? ስማችሁ ይጻፍ? ሁሉም አዎ አሉ። አንዷ ግን፣ ጥግ ላይ የነበረችው፣ «እኔን ከዘፈኑ አውጪኝ» አለች። ምክንያቷን አልነገረችኝም። አልጠየቅኳትም።

ማታ ከፍቼ ሰማሁት። ከሁሉም የምታምረው እሷ ናት። ያለ እሷ ዘፈኑ ይሳሳል። ዳልጮ የብቻ ማይክ ሰጥቷት ነበር፣ ድምፅዋ ለብቻው ነው፣ ከሌሎቹ ነጥሎ ማውጣቱ ቀላል ነው። ዘግቼ ከፈትኩት። እንደገና ሰማሁት።

አወጣሁት።